መርፌዋ ትዋሽ፤ ግን ወደ ላይ

ሞተር የሚነዳ ወዳጅ ያለው ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማት አልቀረም፤ «የሞተር ፍጥነት መለኪያ ውሸታም ነው።» ሻይ ቤት ተቀምጠው ያወጉታል፤ ጋራዥ በር ላይ ቆመው ይስቁበታል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማቸውም ይከራከሩበታል። መርፌዋ 70 ብትል እውነቱ 60 ነው፣ 50 ብትል 44 ነው፣ ስለዚህ እሷን አምኖ የሚነዳ ሰው ሞኝ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ዛሬ የተነሣሁት የአባባሉን ግማሽ ተቀብዬ ነው። አዎ፣ መርፌዋ ትዋሻለች። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለማን ብላ ነው የምትዋሸው? ወዴት ነው የምትዋሸው? እኛስ ውሸታም መሆኗን ካወቅን በኋላ ምን አደረግናት?

ውሸት ሁሉ አንድ አይደለም። በአገራችን ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሊያስታርቅ ሲገባ «እሱ እኮ ስላንተ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም» ይላል። ክፉ ቃል እንደ ጎርፍ መውረዱን ሽማግሌውም፣ ሰሚውም፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ቢሆንም ማንም «ውሸታም ሽማግሌ» አይለውም። ዋሽቶ ማስታረቅ የሚባል ነገር አለና። በአንጻሩ ደግሞ የቁናውን ውስጥ ደፍኖ እህል የሚሰፍር ነጋዴ አለ። ሁለቱም ከእውነት ርቀዋል። አንዱ የራቀው ሰው ሊያተርፍ፣ ሌላው ሰው ሊያራቁት ነው። የሞተሯ መርፌ ከፋብሪካ ስትወጣ የሽማግሌውን ውሸት ይዛ ትወጣለች። የነጋዴውን ውሸት የምናስተምራት እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስለ ፍጥነት መለኪያ ያወጣው ቁጥር 39 የተባለ ደንብ አለ። መኪናንም ሞተርንም ይመለከታል። ደንቡ ለመለኪያው ሁለት አጥር ያጥርለታል። የመጀመሪያው፦ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት ፈጽሞ አይችልም፤ አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳ። ሁለተኛው፦ ከእውነተኛው በላይ ቢያሳይ ግን ልኩ ከእውነተኛው ፍጥነት አሥር በመቶ እና በዚያ ላይ 4 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ። ሂሳቡን እንሥራው። ሞተሯ በእውነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ መርፌዋ ከ40 እስከ 48 ያለውን ማሳየት ትችላለች። በእውነት 60 የምትሄድ ከሆነ ከ60 እስከ 70። በእውነት 80 ከሆነ ከ80 እስከ 92። ከላይ ይህን ያህል ሰፊ ሜዳ ተሰጥቷታል፤ ከታች ግን ቀዳዳ የላትም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሠሪዎቹ ትክክለኛ መለኪያ መሥራት አቅቷቸው ነው? አይደለም። ጎማ ያልቃል፣ ንፋሱ ይቀንሳል፣ ማግኔት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ሁሉ ምክንያት መለኪያ ከእውነቱ ትንሽ መወላገዱ የማይቀር ነው። ከተወላገደ አይቀር ወዴት ይወላገድ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ወደ ታች ቢወላገድ ባለሞተሩ 50 እየሄድኩ ነው ብሎ 58 ይሄዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው መንገድ የሚሻገረው ሰው ነው። ወደ ላይ ቢወላገድ ባለሞተሩ 50 እየሄድኩ ነው ብሎ 46 ይሄዳል፤ ዋጋው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ራሱ ነው። ስሕተቱ የማይቀር ከሆነ ሸክሙ በፈጣኑ ትከሻ ላይ ይውደቅ፣ በእግረኛው ላይ አይሁን ተባለ። በብዙ አገር ገበያ የሚሸጥ አምራችም እንዳይከሰስ ሲል መርፌውን ከፍ አድርጎ ያስተካክላል። ከዚህ የተሻለ የሽምግልና ውሳኔ እኔ አላውቅም።

የመሣሪያውን አሠራር ጥቂት ካላየን ግን እኛ የምናደርስበት ጥፋት አይገባንም። ባለ መርፌው መለኪያ የቆየ ብልሃት ነው። ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ የፈጠራ መብቱን በበርሊን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከጎማው ወይም ከማርሽ ሳጥኑ የሚነሣ፣ ሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር ቀጭን የብረት ገመድ አለ። ገመዱ ከላይ መለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ ሆኖ ይዞራል እንጂ ቆቡን አይነካውም። ሲዞር ግን ቆቡ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና እየጎተተ ሊያዞረው ይሞክራል። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቅልል ሽቦ ደግሞ «ወዴት?» ብላ ትይዘዋለች። መርፌዋ የምትቆመው የጎታቹና የያዡ ጉልበት እኩል የሆነበት ቦታ ላይ ነው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ገመዱ ቀርቶ ዙር የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ተተክቷል። የቀረው ሂሳብ ነው።

ልብ በሉ፤ ገመድም ሆነ ዘመናዊ ቆጣሪ፣ ሁለቱም መንገዱን አያዩትም። የሚያውቁት ዙርን ብቻ ነው። «ጎማው በአንድ ዙር ይህን ያህል ሜትር ይሄዳል» ብሎ ፋብሪካው የነገራቸውን አምነው ያባዛሉ። ስለዚህ ጎማው ሲያልቅ ዙሪያው ያንሳል፤ ያው መንገድ ብዙ ዙር ይፈጃል፤ መርፌዋም ከፍ ትላለች። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 6 ሚሊ ሜትር ቢበላ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው። ሞተር ደግሞ ከመኪና የሚለይበት ጠባይ አለው። ኩርባ ላይ ሲያዘነብል መሬት የሚነካው የጎማው ጎን ነው፤ ጎኑ ከመሐሉ የጠበበ ዙሪያ አለው፤ ስለዚህ ያን ጊዜም መርፌዋ ከፍ ትላለች። እስካሁን የቆጠርናቸው ሁሉ ወደ ላይ የሚወስዱ ናቸው። እስካሁን መርፌዋ ሽማግሌ ናት።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ።

እኛ ጎማ ስንቀይር የምንጠይቀው «ይገባል ወይ?» ብለን ነው። ቸርኬው ላይ ከገባና ከጭቃ መከላከያው ካልታከከ በቃ፣ ገዛነው። ጎማው ከፋብሪካው ጎማ ዙሪያው በ5 በመቶ ቢሰፋ መርፌዋ ያልሰማችው 5 በመቶ ፍጥነት ተጨመረ ማለት ነው። በካቴና ላይ የምንሠራው ደግሞ ይብሳል። ነዳጅ ይቆጥብልኝ ወይም ትሩጥልኝ ብሎ ከፊት ያለውን ባለ 14 ጥርስ ብረት አውጥቶ ባለ 15 የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ፍጥነቱ የሚቆጠረው ከማርሽ ሳጥኑ በሆነበት ሞተር ላይ ይህች አንዲት ጥርስ 7 በመቶ ያህል ትደብቃለች። ቀድሞ መርፌዋ 60 ስትል እውነቱ 57 ከነበረ አሁን 61 ሆኗል። ሽማግሌዋን የተደፈነ ቁና አስያዝናት። ባለሞተሩ ግን ያችኑ የድሮ ዘፈን ይዟል፤ «መርፌ ውሸታም ናት፤ ሁልጊዜ አብዝታ ነው የምታሳየው።» ወዳጄ፣ የምታበዛው ያልነካካሃት ጊዜ ነበር!

ከዚህም የባሰ አለ። የሞተች መርፌ። አቧራና ጭቃ የገባበት ገመድ ይደርቃል፣ ይበጠሳል፤ መርፌዋም ዜሮ ላይ ትተኛለች። ባለፈው ሰሞን አንድ የሠፈር ጋራዥ በር ላይ ቆሜ እንዲህ ያሉ ሞተሮችን እያየሁ ለመካኒኩ «እነዚህን መርፌዎች ለምን አትጠግኗቸውም?» አልኩት። ወጣት ነው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሞተር እኮ የምትሄደው በቤንዚን ነው እንጂ በመርፌ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ፤ «አንዳንዱ ደንበኛ ራሱ ነው ገመዱን ፍታልኝ የሚለኝ። ሲሸጣት ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ይሁንለት ብሎ።»

ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። በባለ ገመዱ ሞተር ላይ የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውም ያው ገመድ ነው። ገመዱ ሲፈታ ፍጥነቷም አይታወቅም፣ ዕድሜዋም አይጨምርም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሞተር «ብዙም አልነዳኋትም» ተብሎ ይሸጣል። እንግዲህ አስቡት። ሰውየው በሚሸጥበት ቀን ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲል በሚነዳበት ቀን ሁሉ ፍጥነቱን ሳያውቅ ይኖራል። ያልጠረጠረው ገዢ በገንዘቡ ይታለላል። መንገዱን የሚሻገረው ሰው ግን በሰውነቱ ነው የሚታለለው።

ለዚህ ሁሉ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። አራቱን መልሶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ተከራካሪ ቀናሹ ነው። «መርፌዋ አሥር በመቶ ስለምትጨምር እኔ ቀንሼ አነባታለሁ» ይላል። ሂሳብ አዋቂ ይመስላል፤ ግን ደንቡን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ደንቡ «አሥር በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ትጨምር» አላለም፤ «ከዚያ አትለፍ» ነው ያለው። ጭራሽ ያልጨመረች፣ 60 ስትል 60 የሆነች መርፌም ሕጋዊ ናት። የአንተ የትኛዋ ናት? ለክታህ ታውቃለህ? አልለካህም። ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሞተር ያወራውን ይዘህ ነው ከራስህ መርፌ ላይ የምትቀንሰው። በዚህ ላይ «ፖሊሱም ጥቂት ብታልፍ አይናገርም» ብለህ ትጨምራለህ። «መንገዱም ዛሬ ባዶ ነው» ብለህ ሌላ ትጨምራለህ። ለጥንቃቄ የተተወችውን አንዲት ስንዝር ሦስት ጊዜ ሸጥካት ማለት ነው።

ሁለተኛው ባለ ጆሮው ነው። «እኔ ፍጥነቴን ከሞተሩ ድምፅና ከነፋሱ አውቀዋለሁ» ይላል። ያው ድምፅ በሦስተኛ ማርሽና በአምስተኛ ማርሽ አንድ ፍጥነት አለመሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ነፋሱም ቢሆን ኋላ ሲሆን ዝም ይላል፣ ፊት ሲሆን ይጮኻል። ከሁሉ በላይ የሰው ስሜት ራሱ ይለምዳል። ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት የጋለበ ሰው ከተማ ሲገባ 60 እንደ ኤሊ መጎተት ይመስለዋል። መርፌ ያስፈለገችው እኮ ለዚህ ነው። ትኩሳትን በእጅ መዳሰስ እንችላለን፤ ሆኖም ሐኪም ቤት ስንሄድ መለኪያ ካልተደረገልን እንቆጣለን።

ሦስተኛው ባለ ስልኩ ነው። «ስልኬ ከሳተላይት አንብቦ ይነግረኛል» ይላል። እውነት አለው። ሳተላይቱ የጎማ ማለቅም የካቴና ጥርስም አያሳስተውም። ቀጥ ባለ ገላጣ መንገድ፣ አንድ ፍጥነት ይዞ ለሚሄድ ሰው ስልኩ ከመርፌዋ የተሻለ ይናገራል። ነገር ግን ፍጥነት ሲቀያየር ወደ ኋላ ይዘገያል፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ይደናገራል። የከተማ መንገድ ደግሞ ይኸው ነው፤ መሄድ፣ መቆም፣ ሕንፃ፣ ሰው። ስልኩ መርፌዋን አንድ ቀን ለመፈተን ጥሩ ምስክር ነው። በየሰከንዱ ዓይን እየነቀሉ የሚያዩት ከሆነ ግን እሱ ራሱ አደጋ ነው።

አራተኛው ድሃው ነው። የእሱን ክርክር ከሦስቱ ይልቅ አከብረዋለሁ። «ጋሼ፣ እኔ በየጉዞው ነው የሚከፈለኝ። ሞተሯ ጋራዥ ገብታ የዋለች ቀን ልጆቼ አይበሉም። ለመርፌ ብዬ ላቁማት?» ይላል። በየከተማው ዕቃና ምግብ የሚያደርሱት፣ በየገጠሩ ከተማ ሰው የሚያመላልሱት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለሱ የምመልሰው አጭር ነው። ገመድ ከሞተር ዕቃ ሁሉ ርካሹ መደዳ ውስጥ ነው፤ ለመቀየርም ቀን አያስውልም። የምቆጣው ግን በሱ ላይ አይደለም፤ በቀጣሪው ላይ ነው። ዕቃው በስንት ደቂቃ እንደደረሰ እስከ ሰከንዱ የሚቆጥር ድርጅት የሠራተኛው መርፌ መሥራቷን ጠይቆ አያውቅም። ደቂቃን ለክቶ ፍጥነትን አለመለካት «ሩጥ፤ ስትሩጥ ግን አልየህ» ማለት ነው። አደጋ የደረሰ ዕለት ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ ይሆናል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሞተሮች። መርፌ የላቸውም፤ ቁጥር ነው የሚያሳዩት። «47» ብሎ ጥርት አድርጎ ሲጽፍ ሰው እንደ ፍርድ ቤት ማኅተም ያምነዋል። ነገር ግን ቁጥሩ የጠራ መሆኑና ቁጥሩ እውነት መሆኑ የተለያየ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ዙር ቆጥሮ በተነገረው የጎማ መጠን የሚያባዛ ነው። ጎማው ሲቀየር መጠኑ ካልታረመለት በሚያምር ጽሑፍ ይዋሻል። ባለ መርፌዋ ቢያንስ ስትንቀጠቀጥ ታስጠረጥራለች።

«ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል አራት አምስት ኪሎ ሜትር ምን ያመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ልንገረው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረሱ ዕድል 4 በመቶ ይጨምራል። በመኪና የሚገጭ እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያልፍ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሞተር ከመኪና ይቀላል ብላችሁ አትጽናኑ። በሞተር ግጭት ሁለት ገላ ነው የሚወድቀው፤ የእግረኛውና የነጂው፤ የሁለቱንም ሥጋ የሚሸፍን ቆርቆሮ የለም። በሰዓት 60 የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ40 የሚሄደው 11 ሜትር። ነጂው «ሰው!» ብሎ ፍሬን እስኪይዝ ያለችው አንዲት ሰከንድ ናት። በ17ና በ11 ሜትር መካከል ያለችው ስድስት ሜትር እናት ልጇን ወደ ኋላ የምትስብባት ስድስት ሜትር ናት። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ መሞቱን መዝግቧል። ከነዚህ 23 በመቶው እግረኞች ነበሩ። እግረኛ መርፌ የለውም። ያለው የኛ መርፌ ነው።

ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው። መንገድ ዳር «40» የሚል ምልክት ስንተክል አንድ ነገር አምነን ነው፤ ነጂው 40 መሆኑንና አለመሆኑን ማወቅ ይችላል ብለን። መለኪያው የሞተበት ሰው ፊት ያ ምልክት ምንድን ነው? ጌጥ ነው። ፖሊስ ራዳር ይዞ ይቆማል፤ ባለሞተሩ ባዶ እጁን ነው። ፖሊሱ «68 ነበርክ» ይለዋል፤ እሱ «ኧረ 45 አልሞላሁም» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ሊሆን ይችላል። አንዱ ለክቷል፣ ሌላው ገምቷል። ግምት ካለ ክርክር አለ፣ ክርክር ካለ ልመና አለ፣ ልመና ካለ ደግሞ ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰው በተገጨበት ቦታ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው» ነው። በምን አወቅህ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለከል ከተማው ስለ ሞተር ብዙ ተነጋግሮ ነበር። የዚያን ጊዜ የተነሣው በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው። ማን ይንዳ፣ የት ይንዳ ተባለ። በስንት ይንዳ፣ በስንት እንደሚነዳስ በምን ያውቃል የሚለው ግን የዚያን ያህል አላነጋገረንም። ቦርሳ የሚነጥቀውን ሞተረኛ እንፈራዋለን፤ ደግ አደረግን። ቦርሳ የማይነጥቀው፣ ታታሪው፣ ትሑቱ፣ መርፌው የሞተበት ሞተረኛስ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለሞተር የሆንክ ወንድሜ፣ መርፌህን አንድ ቀን ፈትናት። አውራ ጎዳና ላይ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ተተክሎልሃል። ባዶ በሆነ ቀጥተኛ መንገድ መርፌዋን 60 ላይ ይዘህ አንዱን ኪሎ ሜትር ሂድ፤ ሰዓቱን ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ይያዝ። 3600ን በሰከንዱ ቁጥር ስታካፍለው እውነተኛው ፍጥነት ይወጣልሃል። 60 ሰከንድ ከፈጀ በእውነት 60 ነህ። 64 ከፈጀ 56 ነህ፤ መርፌህ ሽማግሌ ናትና ተመስገን በል። 56 ሰከንድ ከፈጀ ግን 64 ነህ፤ ጎማህን ወይም ካቴናህን የነካካ ሰው አለና ጋራዥ ግባ። ከፈተንካት በኋላም ቢሆን «ይህን ያህል ትጨምራለች» ብለህ አትቀንስባት። ያቺ ትርፍ ያንተ አይደለችም። የተሻጋሪው ናት።

ሞተር የምትገዛው ደግሞ፣ ከመግዛትህ በፊት ነድተህ መርፌዋ መነሣቷን እይ። ኪሎ ሜትሯ ትንሽ፣ መርፌዋ የሞተች ሞተር ካገኘህ ነገሩ ገብቶሃል። ጋራዥ ያለህ፣ ጎማና የካቴና ጥርስ ስትቀይር «መርፌህ ከዚህ በኋላ አሳንሳ ነው የምታሳይህ» የምትል አንዲት ቃል ለደንበኛህ ጨምርለት። ቀጣሪ የሆንክ፣ መርፌዋ የሞተች ሞተር ይዞ የመጣን ሠራተኛ አታሰማራው፤ የገመዱን ዋጋም አንተ ክፈል፤ የሚሮጥልህ ላንተ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሞተር የሚቀበሉ ሁሉም መብራትና ጥሩምባ እንደሚጠይቁ ሁሉ መርፌዋ ከቦታዋ መነሣቷን፣ ከእውነቱ በታች አለመውረዷንም ይጠይቁ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል ያገሬ ሰው። ባለሞተር ሁሉ ከሞተሩ ሲወርድ እግረኛ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእግሩ ነው። እናቱ ገበያ የምትሻገረው በእግሯ ነው። እነሱን ከፊቱ አይቶ ፍሬን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ የዚያን ሰው መርፌ የጠገነለት ወይም ያልጠገነለት ደግሞ ሌላ። መርፌ ትዋሽ፤ ሽማግሌ እስከሆነች ድረስ ውሸቷን እንቀበላለን። ቁናዋን መድፈን ግን ይቅር። መግደልማ ከነጭራሹ።